እንዳልኩት ጻፊው

ሰውየውን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። አሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ለሚወጣውም ለሚገባውም ደብዳቤ ቁጥር ስሰጥ ኖሬያለሁ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሥራ አስኪያጃችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመነሻዋ እስከ መድረሻዋ በራሱ እጅ ሲጽፍ አላየሁም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። እዚህ ግን የሚያስገድደኝ የለም። ቢሮው ውስጥ «ዋናው» እያልን ነው የምንጠራው። ዋናው ሥራ ግን እሱ ጋ አልነበረም፤ ከበሩ ውጭ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ የተቀመጠችው ሴት ጋ ነበር።

እሷን «አራት ነጥብ» እንላታለን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። ማንም ይሁን ማን ያመጣው ወረቀት መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ከሌለው «ይህ አላለቀም» ብላ ትመልሰዋለች። እሷ ራሷ ተናግራ ስታበቃም ከዚያ በኋላ የሚጨመር ወሬ የለም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ ነው የምትሠራው፤ ዋናው ሲጠራት ሳታይ በእግሯ ፈልጋ አጥልቃው ትነሳለች።

ኩባንያችን ዕቃ አስተላላፊ ነው። የነጋዴው ዕቃ ከመርከብ ወርዶ መጋዘኑ እስኪገባ ድረስ ያለውን ወረቀት ሁሉ የምንጨርሰው እኛ ነን። በሦስት አገር ቅርንጫፍ አለው፤ ሦስቱን የሚያዘው የቀጠና ቢሮ ደግሞ ራሱ ሌላ አገር ነው። ወረቀት ሲዘገይ ዕቃ ይቆማል፣ ዕቃ ሲቆም ነጋዴ ይጮሃል፣ ነጋዴ ሲጮህ ዋናው «ጻፊ!» ይላል።

ከዚያ ይንጎራደዳል። እየተንጎራደደ ያፈሰዋል። «እነዚህ ሌቦች ዕቃችንን ይዘው ምን አባታቸው ያደርጉታል፣ ንገሪያቸው፣ ለበላይ እንናገራለን በይ፣ አይ ተይው፣ ግን ይፍሩ።» እጇ ከአፉ እኩል ነው፣ አንዲት ትንፋሽ አታመልጣትም። ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ አቃኚው።» እሷም ታቃናዋለች። ያ ሁሉ ስድብ «በጉዳዩ ላይ አፋጣኝ ውሳኔ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን» ሆኖ ይወጣል። እሱ ማህደሩን ይገልጣል፣ አያነብም፣ ይፈርማል። ጉምሩክም፣ ባንክም፣ የቀጠናው ቢሮም «የተረጋጋና አስተዋይ ሰው» ይሉታል አሉ። ይህን ስሰማ አንጀቴ ቅጥል ይላል። የተረጋጋችው ውጭ ያለችው ናት፤ እሱማ አንድ ቀን የቡና ማሽኑን በርግጫ ብሎታል።

ለዚህ ሁሉ መደቧ «ጸሐፊ ሦስት» ነበር። መሰላሉ ጸሐፊ አንድ፣ ጸሐፊ ሁለት፣ ጸሐፊ ሦስት ነው። ከሦስት በኋላ ምን እንዳለ የሰው ኃይል ኃላፊውን ጠይቃው «ከሦስት በኋላማ ጡረታ ነው» ብሎ ሳቀባት። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ይኸው ሰው የበሯን ጽሑፍ አስነቅሎ «የሥራ አስፈጻሚ ረዳት» የሚል አስለጠፈላት፤ ዘመናዊ ስም ነው አላት። ደመወዟ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤት ገብታ ለእናቷ ስትነግራቸው እናትየው ክው አሉ። «ረዳት? ይሄን ሁሉ ተምረሽ ረዳት? የታክሲ?» ታናሽ ወንድሟ ነው ያረጋጋቸው። እሱ ለሰፈሩ ሁሉ «እኅቴ ዋና ጸሐፊ ናት» እያለ ስለሚያወራ አንድ ጎረቤት መጥቶ በውጭ ስላለው ጦርነት አንድ ነገር እንድትል ለምኗታል።

ትስቃለህ። እኔም ስቄያለሁ። ቤቱ ግን አያስቅም ነበር። ሦስት ክፍል ነው፤ አንዱ የወንድሟና የሚስቱ፣ አንዱ ሳሎን፣ አንዱን ከእናቷ ጋር ትጋራዋለች። የወንድሟ ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲህ ያንን ክፍል ባየች ቁጥር በእርምጃ ትለካው ጀመር። አፍ አውጥታ ምንም አላለችም። አራት ነጥብም ምንም አላለችም። ለኔ ብቻ፣ የፋይሉ መደርደሪያ መሃል ቆማ፣ «የራሱ በር ያለው ክፍል ብቻ ነው የምፈልገው። ስዘጋው የሚዘጋ» አለችኝ።

ነገሩ የተጀመረው በወር አንዴ በሚደረገው የስክሪን ስብሰባ ነው። አለቆቹ ተናግረው ሲወጡ የሦስቱ ቅርንጫፍ ረዳቶች ቀጠሮ ለማስተካከል ይቀራሉ። አንደኛው ቅርንጫፍ ያለው ረዳት ወንድ ነው። እዚያ አገር ወንበሩ የወንዶች ነው፤ ሁለት ዓመት ይቀመጡና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ይነሳሉ። የእኛዋ በአሥራ ሁለት ዓመት ስድስቱን ሸኝታለች፣ ለስድስቱም የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ በዋናው ስም ጽፋለች። ሌላኛዋ ግን ሴት ናት፣ የወደቡ ቅርንጫፍ ረዳት፣ አፏ የማይዘጋ ደግ ሴት። የዚያን ቀን እሷ ነበረች የነገረቻት። የቀጠናው ቢሮ ረዳት አድጋ የክፍል ኃላፊ ሆናለች፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ «እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም፣ አንቺ ግን ለምን አትወዳደሪም?» አለቻት። ደመወዙን ሳትጠየቅ ነገረቻት። እዚያ ደመወዝ መናገር ነውር አይደለም መሰለኝ።

አራት ነጥብ መዝገብ ቤት መጥታ በሩን ዘጋችው። «የወንበሩ የአንድ ወር ደመወዝ የኔ የዘጠኝ ወር ነው» አለች።

«በዘጠኝ ወር እኮ ሰው ይወልዳል!» አልኳት።

አልሳቀችም። «ሥራው ያው ነው። ቃል በቃል አነበብኩት። እኔ የምሠራውን ነው የጻፉት» አለች። ከዚያ መስፈርቶቹን በጣቷ ቆጠረች፦ ስምንት ዓመት ልምድ፣ አላት። ዕድሜ ከአርባ አምስት ያልበለጠ፣ ለጥቂት። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ያለችበት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በምሥጢር የሚሰጠው አስተያየት።

ተወዳደረች። ፈተናውን በስክሪን ወሰደች፣ አለፈች። ሁለት ሰው ቀረ፣ አንዷ እሷ። ከዚያ የቀጠናው የሰው ኃይል ኃላፊ ለዋናው ኢሜይል ላከች። ይህች ኃላፊ ድሮ ከኛው ቢሮ የወጣች ሴት ናት፤ ከኛ ጋር የምትጻጻፈው በራሳችን ቋንቋ ነው፣ ማህተም ያላረፈበት ወረቀትም አትቀበልም። «ምሥጢራዊ፣ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ» ይላል ርእሱ። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የተላከውን ኢሜይል የከፈተችው ማን ይመስልሃል? የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው በቢሮው ውስጥ የለም።

ገብታ አነበበችለት። ምን ያህል ጊዜ አብራችሁ ሠርታችኋል? ቢሮ በራሷ ማስኬድ ትችላለች? ለዚህ ኃላፊነት ትመጥናለች ወይ? አንብባ ስትጨርስ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም አለችኝ። አላፈረም። «ትንሽ ልውጣ» አላለም፣ «ሌላ ሰው ይጻፈው» አላለም። መስኮቱን ከፍቶ «ጻፊ» አላት።

ጻፈች። ስለ ራሷ። በራሷ እጅ። ሲጨርስ «አቃኚው» እስኪል ጠበቀች። አላለም። ዞሮ አያትና ጣቱን ቀሰረ፦ «ይቺን ግን እንዳልኩት ጻፊያት። አንዲት ቃል እንዳትነኪ። ነግሬሻለሁ!»

በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጠራት።

ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ቀይሪው! ወርቅ ናት፣ ዕንቁ ናት ብለሽ ጻፊና ማህደሩ ውስጥ ክተቺው። አያነብም እኮ!» አልኳት።

«እንዳልነካ አዘዘኝ።»

«ቢያዝሽስ? የሰውየውን አፍ አሥራ ሁለት ዓመት ስታጥቢ ኖረሽ፣ ዛሬ ላንቺ ሲሆን ታማኝ ልትሆኚ ነው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት የዋሸሁት ለሱ ነው። ለራሴ አልዋሽም» አለች።

እንግዲህ አበድኩ። ፈሪ አልኳት። ጅል አልኳት። «ሳሎን ተባረሽ ከሕፃን ጋር ስታለቅሺ ያኑርሽ!» አልኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጫማዋን አስተካክላ ወጣች። እኔም ቤቴ ገብቼ ባሌ ላይ ያለ ጥፋቱ ስጮህ አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ቤት መጣች፣ ደህና አደርሽ አለችኝ፣ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ተፈርሞበታል። የኔ ድርሻ ወጪ ቁጥር መስጠት፣ ማህተም ማሳረፍና ግልባጩን ማስቀረት ነው። ኩርፊያዬን ሳልፈታ፣ ፊቴን አጥቁሬ ማንበብ ጀመርኩ።

ከላይ ቀን አለው፣ አድራሻ አለው። «ጉዳዩ፦ ስለ ሠራተኛዋ የተጠየቀ አስተያየት።» ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«እንግዲህ ምን ልበላቸው። ስንት ዓመት ሆነን አብረን? አሥራ ሁለት? አሥራ ሁለት በያቸው። ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም፤ ግን ለትልቅ ኃላፊነት አትመጥንም። አትመጥንም በይ። የለመደችውን እዚሁ ትሥራ። ደግሞስ እሷን ወስደው ማንን ሊተኩልኝ ነው? የኢሜይሉን የይለፍ ቃል እንኳ የምታውቀው እሷ ናት። ባለፈው ታማ ሦስት ቀን ስትቀር የጉምሩኩን ወረቀት ማን አየው? አርባ ኮንቴይነር ወደቡ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ሰነበተ። ይኼን አትጻፊው። ወይም ጻፊው፣ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም በይ። የሷ ነው፣ ማን ታመሚ አላት? የዓመቱንም ሪፖርት የምትሠራው እሷው ናት፤ እኔ ስብሰባ ይበዛብኛል። ብቻ አትመጥንም። መስኮቱን ዝጊው፣ አቧራ ገባ። በቃ። ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።»

ነጥቡ ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ሰረዙ፣ የጥያቄ ምልክቱ፣ አራት ነጥቡ። ከሥሩ የዋናው ፊርማ፣ ያው ዶሮ የጫረችው የሚመስለው።

መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ፣ አፌን በእጄ ያዝኩት። «ፈረመበት?» አልኳት።

«ፈረመበት።»

«ሳያነብ?»

«መነጽሩን አደረገ» አለች። እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ጣቱን ወረቀቱ ላይ እየጎተተ «አትመጥንም» የምትለዋን ቃል ፈለጋት። አገኛት። ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ መታ አደረጋትና «ጎበዝ» ብሎ ፈረመ።

ማህተሙን አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ነገ ጉድ ሲፈላ «ይህን ወረቀት አይተሽ እንዴት አሳለፍሽ?» የምባለው እኔ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። እሷ አልለመነችኝም። ቆማ መስኮቱን ታያለች። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ብትለምነኝ እምቢ እላት ነበር መሰለኝ። ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪናጋ አሳረፍኩት፣ ቁጥሩን ሰጠሁት፣ ግልባጩን ፋይል ውስጥ ከተትኩት።

«ትናንት የሰደብኩሽን…» ብዬ ጀመርኩ።

«መዝግቤዋለሁ» አለች። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሥራ አንድ ቀን መልስ ጠፋ። በነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ዋናው ደስ ብሎት ነበር። «የኔ ልጅ» እያለ ይጠራታል፤ በሰባት ዓመት ነው የሚበልጣት። አንድ ቀን ጭራሽ ለሰው ኃይል ኃላፊው «ጸሐፊ አራት የሚባል ነገር ልንፈጥርላት እንችል ይሆን?» ሲል ሰምቻለሁ። ኃላፊው «በጀት የለም» አለው። «እሺ በቃ፣ የበሩን ጽሑፍ ትልቅ አድርጉላት» አለ። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። ቤቷ ውስጥ የወንድሟ ሚስት የሕፃን አልጋ ገዝታ በጥቅሉ እንዳለ ኮሪደሩ ላይ፣ ልክ ከክፍሏ በር ፊት አቁማው ነበር። አራት ነጥብ በየቀኑ በጎን ተሽሎክልካ ትገባለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፖስታው መጣ። የቀጠናው ቢሮ ማህተም ያለበት፣ ለሥራ አስኪያጁ የተላከ። እንዲህ ያለውን በእጁ አስረክቤ መዝገቡ ላይ ማስፈረም አለብኝ። ስገባ እሷ የቀን ቀጠሮውን ልታስይዘው ማስታወሻዋን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። ፖስታውን አገላብጦ አየና ለሷ አቀበላት። «ከቀጠናው ነው። አንብቢልኝ» አለ። ወደ ወንበሩ ተለጠጠ። የምታነበው ስለ ራሷ መሆኑን ያውቃል። እሷ እያነበበች ፊቷን ሊያይ ፈልጎ ነው፣ በማተቤ እምላለሁ።

ከፈተችው። በየቀኑ በምታነብበት ድምፅ፣ ሳታፈጥን ሳታዘገይ አነበበችው፦

«አስተያየትዎ ደርሶናል። እንዲህ በግልጽ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ላለፉት ዓመታት ከቅርንጫፍዎ የሚደርሱንን ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች የሚጽፈው ማን እንደሆነ፣ አርባዎቹ ኮንቴይነሮችም በምን ምክንያት እንደዘገዩ ከራስዎ ቃል ተረድተናል። ሠራተኛዋን ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ በቦታው ሙሉ ደመወዝ ቀጥረናታል። እሷ በሌለችበት ቅርንጫፉን እንዴት እንደሚመሩት በአሥር ቀን ውስጥ በራስዎ እጅ ጽፈው እንዲያስረዱን እንጠይቃለን።»

ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዋናው ቀይ ነበር፣ ነጣ፣ እንደገና ቀላ። በመጨረሻ የወጣው ድምፅ የሱ አይመስልም ነበር።

«አላቃናሽውም?» አላት።

«እንዳልነካው አዘዙኝ» አለች።

«እኔ እኮ… አንቺ እኮ ታውቂያለሽ። ሁልጊዜ ታቃኚው የለ!» እየጮኸ አልነበረም። እየለመናት ነበር። ያሳዝናል ብዬ ጠበቅሁ፣ አላሳዘነኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጽሑፉ የሷ መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሳያውቅ ቢሆን ይሻል ነበር።

«እሺ፣ እሺ፣ ይሁን። መልስ እንጻፍላቸው። ተቀመጪ። ጻፊ» አለ።

አልተቀመጠችም። «ይኸኛው በራስዎ እጅ ነው የሚለው» አለችው። ማስታወሻዋንና ብዕሯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እሱ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ አስቀመጠች። ወደኔ እንኳ ሳታይ ወጣች። ያ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ደስ ብሎኛል፣ በደስታዬ ውስጥ ግን ቅናት ነበረበት፤ ለምን እዋሻለሁ? እኔም እኮ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እኔም መደቤ «መዝገብ ቤት ሁለት» ነው።

ዋናው ብዕሩን አነሳ፣ ባዶውን ገጽ አየ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቀና ሲል የማስፈረሚያውን መዝገብ አቅፌ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እንደ አዲስ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ድምፁን አለሰለሰ።

«ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ። አንቺ መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

ቁጭ አልኩ። መዝገቡን ጭኔ ላይ አኖርኩት።

«በስንት?» አልኩት።